የልት አበባ፦ ዘሩን በቀጥታ መዝራት ወይስ ችግኝ ማፍላት?

ልት ከተባለው ተክል ወገን የሆኑና ከዓመት ዓመት የሚያብቡ አበቦችን በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ጓሮው ሊያለማ ያሰበ ሰው በመጀመሪያ የሚመርጠው ዘሩን በቀጥታ ከመዝራትና ችግኝ ከማፍላት አንዱን ነው። በሁለቱም መንገድ የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ፣ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ፍቆ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ማሳደር መብቀሉን ያፋጥናል።

በወጪ ረገድ በቀጥታ መዝራት ከዘሩ በቀር ብዙም አይጠይቅም፤ ችግኝ ግን ላስቲክ፣ ብስባሽና የየዕለት ውሃ ይፈልጋል።

ልዩነቱ የሚሰፋው ሥሩ ላይ ነው። እነዚህ አበቦች አንድ ዋና ሥር ወደ ታች ስለሚሰዱ፣ ሥሩ የላስቲኩ ግርጌ ደርሶ ከተጠማዘዘ ወይም ሲዛወር ከተበጠሰ ተክሉ ይቀጭጫል። ስለዚህ ችግኙን ረዘም ባለ ላስቲክ አፍልቶ፣ ጥቂት ቅጠል እንዳወጣ አፈሩ ሳይፈርስ መትከል ያስፈልጋል። በቀጥታ የተዘራው ከዚህ ሁሉ ይድናል፤ በእኔ እምነት ትልቁ ብልጫውም ይህ ነው።

ይሁን እንጂ የሐምሌና የነሐሴ ዶፍ ከተዳፋት ጓሮ ዘሩን ጠርጎ ይወስዳል፤ ለጋውን ቡቃያም ቀንድ አውጣ ይበላዋል። ችግኝ ከዚህ ይጠበቃል፤ ተጠጋግቶ ከቆመ ግን የቅጠል ዋግ የተባለው በሽታ በቀላሉ ይዛመትበታል።

ዘሩ ጥቂት ለሆነ ወይም ጓሮው ተዳፋትና ውርጭ የሚያሰጋው ለሆነ ሰው ችግኝ ይሻለዋል። ሜዳማ ጓሮና በቂ ዘር ያለው ደግሞ ዝናቡ ጋብ ሲል በመስከረም ዘርቶ፣ ቡቃያው እስኪጠና ቢያጠጣ ይበቃዋል።