ሜምብሬን ወይስ ሜካኒካል? ለጽሕፈት ሥራ ኪቦርድ ለምትገዙ

ደሴ ፒያሳ ላይ ኪቦርድ ስንገዛ የምንጠይቀው ዋጋውንና የአማርኛ ፊደል እንዳለበት ነው። እኔም ለጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቴ ዓመታት እንዲያ ስገዛ ኖሬያለሁ። ዋናው ልዩነት ግን ውስጡ ነው።

ሜምብሬንና ሜካኒካል የሚባሉት ሁለቱም ዓይነቶች ቁልፍ መጫኑን የሚያውቁበት ዘዴ አንድ ነው። ለ104 ቁልፍ 104 ሽቦ ወደ ቺፑ መሳብ አያዋጣም። ስለዚህ መስመሮቹ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ እንዳለው ድርና ማግ ይጠላለፋሉ፦ 8 ረድፍና 16 ዓምድ ካለ በ24 መስመር 128 መገናኛ ይገኛል። ቺፑ ረድፎቹን ተራ በተራ እየሞከረ ዓምዶቹን ያነባል፤ ይህንንም በየሰከንዱ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋግማል። በየትኛው ረድፍ ተራ የትኛው ዓምድ ምልክት እንደሰጠ ሲያይ ቁልፉን ይለያል። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያላችሁ ተማሪዎች ለፕሮጀክት የምትገዟት ባለ 16 ቁልፍ ሰሌዳም በ8 መስመር የምትሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ሜምብሬን ሦስት ስስ ፕላስቲክ ነው። በላይኛውና በታችኛው ላይ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ መስመር ታትሟል፤ የመሃሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ከቁልፉ ሥር ያለውን ላስቲክ ስንጫን የላይኛውና የታችኛው መስመር በቀዳዳው በኩል ይነካካሉ። ርካሽ ነው፣ ድምፁም አይረብሽም። ሻይ ፈስሶበት አንድ መስመር ከተበላ ግን በዚያ መስመር ያሉት ቁልፎች አብረው ዝም ይላሉ፤ ጥገናውም አያዋጣም። ሜካኒካል ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ ስፕሪንግና የብረት መገናኛ ያለው የራሱ ማብሪያ ስላለው፣ የተበላሸው ብቻ ተነሥቶ ይተካል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ከሁሉም የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። እኛ ለአንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ እንመታለን፤ ፈጣን እጅ ደግሞ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳይለቀቁ ሦስተኛውን ይጫናል። ሦስቱ ቁልፎች በረድፍና በዓምዱ የአራት ማዕዘን ሦስት ጥግ ላይ ከዋሉ፣ ኤሌክትሪኩ ዞሮ ይመጣና አራተኛው ያልተነካ ቁልፍ የተጫነ ይመስላል። ርካሽ ኪቦርድ ይህን የሚከላከለው ሦስተኛውን ቁልፍ ባለመቀበል ነው፤ ፊደል የሚጎድለውም ለዚህ ነው። መፍትሔው ለየቁልፉ ዳዮድ መበየድ ነው። ዳዮድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፍ የዞረው መንገድ ይዘጋል። ይህ በጥሩ ሜካኒካል ላይ የተለመደ ነው፣ በሜምብሬን ላይ ግን እምብዛም።

ሜካኒካልም ነቀፋ አለበት። ብረቱ ሲነካካ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይነጥራል። ቺፑ ያን ጊዜ ይታገሣል፤ መገናኛው ሲያረጅ ግን ንጥረቱ ከትዕግሥቱ ያልፍና አንዱ ምት ሁለት ይሆናል። በአንዳንድ የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌር «ኤስ» ሁለቴ ሲመታ «ሥ» ስለሚሆን፣ «ስልክ» ያልነው «ሥልክ» ሆኖ ይወጣል። አንድ የክስ አቤቱታ በዚሁ ምክንያት እንደገና ጽፌያለሁ።

ቀኑን ሙሉ መመረቂያ ጽሑፍና ማመልከቻ ለሚጽፍ ሰው ዳዮድ ያለውን ሜካኒካል እመርጥለታለሁ። ለደረሰኝና ለጥቂት ደብዳቤ ሜምብሬን ይበቃል።

ስትገዙ አንድ የቁልፍ ክዳን አስነሡ፤ ሥሩ የላስቲክ ጉልላት ካለ፣ ካርቶኑ ምንም ይበል ምን፣ ሜምብሬን ነው። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሁለት ፊደል ይዛችሁ ሦስተኛውን ምቱ። የውስጡ መስመር ከላይ ስለማይታይ ብዙ ጥምር ሞክሩ፣ በተለይ ዘወትር አከታትላችሁ የምትመቷቸውን። ሦስተኛው ፊደል ከቀረ ሌላ አስመጡ።