ማስጠንቀቂያ፦ በገዛ ፕሌየሩ ብቻ የሚከፈት ላይብረሪ ልትገዙ ላሰባችሁ የጎንደር አቀናባሪዎች

ከማራኪ እስከ አዘዞ ቤታችሁ ውስጥ ስቱዲዮ የከፈታችሁ፣ ሠርግ ላይ ኪቦርድ የምትጫወቱ፣ ለጥምቀት ነጠላ ዜማ የምታቀናብሩ ሁሉ፦ የስትሪንግ፣ የብራስ ወይም የኳየር ላይብረሪ (በኮምፒውተር የሚጫወት የተቀዳ ድምፅ ስብስብ) ለመግዛት እያሰባችሁ ከሆነ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። ላይብረሪው የሚከፈተው በምንድን ነው? ማሳያ ቪዲዮው ላይ ድምፁ ማማሩን ለጊዜው እርሱት።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። አብዛኛው ላይብረሪ የሚሠራው በ2002 ለወጣው፣ የተቀዳ ድምፅ በኪቦርድ ለሚያጫውተው ሳምፕለር ለኮንታክት ነበር (የሶፍትዌሮቹ ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። አንድ ሳምፕለር ለምዳችሁ የሁሉንም ድርጅት ድምፅ በእሱ ትከፍቱ ነበር። አሁን ትልልቆቹ አምራቾች እየተነጠሉ የየራሳቸውን ፕሌየር (ላይብረሪውን ከፍቶ የሚያሰማ ሶፍትዌር) ሠርተዋል። ኢስትዌስት በ2007 ፕሌይን፣ በ2021 ደግሞ ኦፐስን አወጣ። ስፒትፋየር ኦዲዮ በ2018 የራሱን ፕለጊን (በሙዚቃ መሥሪያው ሶፍትዌር ውስጥ የሚከፈት ፕሌየር) ጀመረ፤ ቪየና ሲምፎኒክ ላይብረሪ ሲንክሮን ፕሌየር አለው፤ ኦርኬስትራል ቱልስ በ2020 ሳይን ወደሚባል የራሱ ፕሌየር ገባ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ላይብረሪያቸው በነጻው ኮንታክት ፕሌየር እንዲከፈት ለኮንታክት ባለቤት የፈቃድ ክፍያ ይከፍሉ ነበር፣ በሰው ሶፍትዌር አካሄድም ይታሰሩ ነበር፣ ያለ ፈቃድ መቅዳቱንም እንደልባቸው መቆጣጠር አይችሉም ነበር። ለእነሱ ትርፍ ነው። የእኛን ሒሳብ ግን የሚያወጣልን ስለሌለ ራሳችን እናውጣው።

ከላፕቶፑ እንጀምር። ባለ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ ድምፅ ሳይታመቅ በሴኮንድ 288 ኪሎባይት ይይዛል። አንድ የስትሪንግ አርቲኩሌሽን (የአጨዋወት ዓይነት፣ ለምሳሌ ረዥም ወይም አጭር ኖታ) 60 ኖታ፣ 4 የጉልበት ደረጃ፣ 3 ተለዋጭ ቅጂና 5 የማይክ ቦታ ካለው 3,600 ፋይል ነው። እያንዳንዱ 5 ሴኮንድ ቢረዝም 5.2 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ያውም አንድ አርቲኩሌሽን ብቻ። ይህን ሁሉ ራም ላይ መጫን ስለማይቻል ሳምፕለሩ የየፋይሉን መጀመሪያ ብቻ ራም ላይ ያስቀምጥና ቀሪውን ስትጫወቱ ከዲስክ እየጎተተ ያሰማል። መጀመሪያው 60 ኪሎባይት ከሆነ (የኮንታክት መነሻ ልክ ይኸው ነው) ለአንድ አርቲኩሌሽን 216 ሜጋባይት ራም ይሄዳል። ስድስት አርቲኩሌሽን ሲከፈት 1.3 ጊጋባይት ገደማ ደረሰ። ባለ 8 ጊጋባይት ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውሱና እንደ ኩቤዝ ወይም ኤፍኤል ስቱዲዮ ያለው ሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር የወሰዱትን ስትቀንሱ ስንት መሣሪያ እንደሚተርፋችሁ አስሉት።

አሁን ባለ አራት ኖታ አኮርድ ያዙ። ሞድ ዊሉ (ኪቦርዱ ላይ ያለው የሚሽከረከር መቆጣጠሪያ) የጉልበት ደረጃዎቹን እያደባለቀ ስለሚያሻግራቸው ብዙ ጊዜ አራቱም ደረጃዎች አብረው ነው የሚነበቡት። አራት ኖታ በአራት ደረጃ በአምስት ማይክ ሲባዛ 80 ፋይል ባንድ ጊዜ ይነበባል። 60 ኪሎባይት የ0.2 ሴኮንድ ድምፅ ስለሆነ ዲስኩ በሴኮንድ 400 ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ መዝለል አለበት። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ 100 እንኳ አይሞላም። አኮርዱ መሀል ላይ የሚቆራረጠው፣ «ጣ ጣ» የሚለው በዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ሳውንድ ካርዱን ይጠረጥራል፣ ሳውንድ ካርድ ይለውጣል፣ ችግሩ ግን እዚያው ይቆያል። ማይኩን ወደ አንድ ስታወርዱት 80ው 16 ይሆናል፤ ያኔ ሃርድ ዲስኩም እንደምንም ይደርሳል። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ከገባ ደግሞ ቅድመ ጭነቱን፣ ማለትም ራም ላይ የሚቀመጠውን የፋይል መጀመሪያ፣ ከ60 ወደ 12 ኪሎባይት አውርዳችሁ ራሙን ማሳረፍ ትችላላችሁ።

ጥያቄው ፕሌየሩ ይህን ያስደርጋችኋል ወይ ነው። ኮንታክት ቅድመ ጭነቱን በቁጥር ያስቀይራል፤ «ፐርጅ» በምትለዋም ዘፈኑ ውስጥ ያልነካችሁትን ኖታ ሁሉ ከራም ያወጣል። በአንዳንዱ የራስ ፕሌየር ውስጥ ግን አንዱ አለ፣ ሌላው የለም፤ ያለውም የት እንደተቀበረ ለማግኘት መመሪያውን ማገላበጥ ይጠይቃል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የተጠቃሚ መመሪያውን አውርዱ፤ አብዛኞቹ በነጻ ያስቀምጡታል። ሦስት ነገር ፈልጉበት፦ ማይክ ሲጠፋ ከራም ይወጣል ወይስ ድምፁ ብቻ ነው የሚጠፋው፤ ቅድመ ጭነት ይስተካከላል ወይ፤ አርቲኩሌሽን ለብቻው ይወርዳል ወይ። በዚህ በመጨረሻው ሳይንን ማመስገን ይገባል፤ የምትፈልጉትን አርቲኩሌሽንና ማይክ ብቻ መርጣችሁ ታወርዳላችሁ። በእኛ ኢንተርኔት ይህ ትልቅ ነገር ነው። 100 ጊጋባይት በ10 ሜጋቢት ፍጥነት ሳይቋረጥ 22 ሰዓት ይፈጃል፣ መብራት ካልሄደ። ሌላ ቦታ ፈጣን መስመር ያለው ጓደኛ አውርዶ በኤስኤስዲ እንዲልክላችሁ ካሰባችሁ ደግሞ ፕሌየሩ ከሌላ ኮምፒውተር የመጣ ፎልደር አሳዩኝ ብሎ የሚቀበል መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የማይቀበል ከሆነ ሁሉንም እንደ አዲስ ያስወርዳችኋል።

ፈቃዱ ላይ እንምጣ፤ ብዙ ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ነው። አይሎክ የሚባለው የሶፍትዌር ፈቃድ መቆጣጠሪያ ሥርዓት ፈቃዱን በሦስት ቦታ ያስቀምጣል፦ በዩኤስቢ ቁልፍ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ወይም በክላውድ። ክላውዱን አትምረጡ። እየሠራችሁ ባላችሁበት ሰዓት ሁሉ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ እንደነበር የረሳ የለም፤ እንዲህ ያለ ፈቃድ በዚያን ጊዜ ጨርሶ አይሠራም። ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጠው ይሻላል፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው። ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍ ፒያሳ ወስዳችሁ «ፎርማት አድርግልኝ» ስትሉ ፈቃዱ አብሮ ይጠፋል። ድርጅቱ ዘንድ ግን አሁንም ያ ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ሆኖ ይቆጠራል፤ ከተፈቀደላችሁም ቁጥር አንዱ ይቀነሳል። ስለዚህ ፎርማት ከመደረጉ በፊት የአይሎክን ፕሮግራም ከፍታችሁ ፈቃዱን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሱት። ባለሙያው ይህን እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ የናንተ ሥራ ነው።

ለኛ ሙዚቃ የሚብሰው ግን ቅኝቱ ነው። አንቺሆዬን ስትመቱ በኪቦርዱ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ትላላችሁ። ማሲንቆ የያዘው አዝማሪ ግን ጣቱን የሚያሳርፈው ኪቦርዱ ባለበት ቦታ ላይ አይደለም። ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው፤ የእሱ ሬ ፍላት ከናንተ 25 ሴንት ከፍ ካለ ስትሪንጉ ከሥሩ ሲገባ ዘፈኑ ይጎረብጣል፣ ሰሚውም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ፊቱን ያጨማድዳል። መፍትሔው አሥራ ሁለቱን ኖታ አንድ በአንድ በሴንት ማስተካከል ነው። ሙሉው ኮንታክት ውስጥ ለዚሁ የተሠራ ስክሪፕት አለ። ኤስኤፍዚ በሚባለው ክፍት የመሣሪያ ፋይል ዓይነት ደግሞ ከዚያም ይቀላል፤ ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ይከፈታል። አንዱ መስመር የድምፅ ፋይሉን ስም፣ ከየትኛው ቁልፍ እስከ የትኛው እንደሚሰማ፣ ስንት ሴንት ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል ይናገራል፤ ቁጥሩን ቀይራችሁ ሴቭ ትላላችሁ፣ አለቀ። የተቆለፈ ፕሌየር ውስጥ ግን ያላችሁ አምራቹ ያስቀመጠላችሁ ቁልፍ ብቻ ነው። እሱም መላውን መሣሪያ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ብቻ ከሆነ ለአንቺሆዬም ለአምባሰልም አይረባችሁም። አንድ ኖታ ላይ ጉድለት ብታገኙ እንኳ ከፍታችሁ አታስተካክሉትም፤ አምራቹ እስኪያርመው መጠበቅ ነው። ይህ ነጥብ ብቻውን ግዢውን ለመተው በቂ ነው ብለን እናምናለን።

«ድርጅቱ ትልቅ ነው፣ ምን ይሆናል?» የሚል ካለ የሆነውን እንንገረው። በ1998 የወጣው ጊጋሳምፕለር ከዲስክ እየጎተተ መጫወትን ያስለመደ ሶፍትዌር ነበር፤ ተተኪው ጊጋስቱዲዮ ታስካም እጅ ገብቶ በ2008 ተቋረጠ። ያኔ ባለቤቶቹን ያዳናቸው የጊጋ ፋይል በሌላ ሳምፕለር፣ በኮንታክትም ጭምር መከፈት መቻሉ ነው። የተቆለፈ ቢሆን ኖሮ መግቢያ አልነበረውም። ቪየና ለዓመታት በአንድ ዓይነት የዩኤስቢ ቁልፍ ሲያሠራ ቆይቶ በ2022 ወደ አይሎክ ዞረ፤ ደንበኛውም አብሮ መዞር ነበረበት። አፕል በ2019 በማክ ካታሊና 32 ቢት ሶፍትዌርን ሲያስወጣ ያልታደሰ ፕለጊን ሁሉ ባንድ ቀን አልከፈት አለ። ድምፁ ዲስኩ ላይ አለ፣ የሚያሰማው የለም።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን በተደረገ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አንዴ ወርዶ የተመዘገበ ላይብረሪ ደግሞ አብዛኞቹ ገንዘቡን አይመልሱም፣ ለሌላ ሰው መሸጥም ብዙዎቹ ይከለክላሉ።

በርካሽ «ሁሉም የተጫነበት ሃርድ ዲስክ» ወይም «አካውንት ከነላይብረሪው» እንሸጥላችሁ የሚሏችሁ ሲመጡ የበለጠ ተጠንቀቁ። ሻጩ ፊት ለፊታችሁ ከፍቶ ያሰማችኋል፣ እውነትም ይሠራል። ፈቃዱ ግን በእሱ ኢሜይል ነው የተመዘገበው፤ የይለፍ ቃሉን በቀየረ ቀን ወይም ፕሌየሩ ራሱን ባደሰ ማግስት በእጃችሁ የሚቀረው የማይከፈት 500 ጊጋባይት ነው። የተሰበረ ፕሌየር ከሆነ ደግሞ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላችኋል፤ በዚያው ላፕቶፕ ላይ የደንበኛ ሥራና የባንክ መተግበሪያ አለ።

ያም ሆኖ ልግዛ የምትሉ መጀመሪያ ያንኑ ፕሌየር በነጻ ፈትኑት። ስፒትፋየር 200 ሜጋባይት ገደማ የሆነ ቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ዲስከቨር አለው፤ ኦርኬስትራል ቱልስ ሌየርስ የሚባል ነጻ ላይብረሪ በሳይን ይሰጣል። አውርዱ፣ ሰባት ስምንት ትራክ ላይ ክፈቱት፣ በፋሩን (ኮምፒውተሩ ባንድ ጊዜ የሚያዘጋጀውን የድምፅ መጠን) 256 ላይ አድርጋችሁ ተጫወቱ። ከዚያ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጉና ፕሮጀክቱን እንደገና ክፈቱ። ያለ ኢንተርኔት ካልተከፈተ ትልቁም አይከፈትም። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ካላችሁ አስቀምጡትና ቅኝቱን አብራችሁ ሞክሩ።

አማራጭ የምትፈልጉ ከሆነ ሶርዛንዶና ዲሰንት ሳምፕለር ነጻ ናቸው፤ የመጀመሪያው ኤስኤፍዚ ይከፍታል፣ ሁለተኛውም የራሳችሁን ክራርና ዋሽንት ቀድታችሁ መሣሪያ እንድትሠሩበት ይፈቅዳል። ለኮንታክት የተሠራ ስትገዙ ደግሞ «ሙሉው ኮንታክት ያስፈልገዋል» የሚለውን መስመር አትዝለሉት። እንዲህ ያለው በነጻው ፕሌየር ውስጥ 15 ደቂቃ ሠርቶ ይዘጋል።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ሥራችሁን አድኑ። ዘፈን ባለቀ ቁጥር የየትራኩን ድምፅ ባለ 24 ቢት ዌቭ አድርጋችሁ አውጡ፦ ሁሉም ከመጀመሪያው ባር ጀምሮ፣ አንዴ ከነኢፌክቱ፣ አንዴ ያለ ኢፌክት። ሚዲውንም (የተጫወታችሁትን ኖታ የሚመዘግበውን ፋይል) ለብቻው ሴቭ አድርጉ። የአምስት ደቂቃ ዘፈን ስቴሪዮ ትራክ 86 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ሃያ ትራክ በሁለት ቅጂ 3.5 ጊጋባይት አይሞላም። ፎልደሩ ውስጥ ቴምፖው፣ ቅኝቱና የፕሌየሩ ቨርዥን የተጻፈበት አጭር ፋይል ጨምሩበት። ሥራ በእጃችሁ እያለ «አፕዴት» የሚለውን አትንኩ፤ የቀድሞውን ኢንስቶለር በሌላ ዲስክ አስቀምጣችሁ፣ የደንበኛውን ሥራ ካስረከባችሁ በኋላ አድሱ።