«ቴክ ኢት ኢዚ» እና የእናቴ ኪኒን፦ አንድ የስልክ ማስተርጎሚያ ከሦስት ወር በኋላ

እናቴ ከደብረ ብርሃን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። በመጋቢት ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ተደረገላት። እኔ የሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ለሰው እናት ሳስተረጉም የራሴ እናት ከነርስ ጋር ብቻዋን እቤት ትውላለች። ያ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ ስልኳ ላይ ማስተርጎሚያ መተግበሪያ ጫንኩላት። ድምፅ የሚሰማውንና በካሜራ የሚያነበውን፣ በወር 8 ዶላር የሚከፈልበትን ነው የመረጥኩት። ሦስት ወር ሙሉ ተጠቅማበታለች። ስሙን አልጽፍም። የምነግራችሁ ችግር የአንዱ ብቻ አይደለምና።

ጥሩ ጎኑን ላስቀድም። የመድኃኒት ዕቃ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በካሜራ ሲያነብ ደስ ይላል። «በቀን 2 ጊዜ ከምግብ ጋር» ብሎ ቁልጭ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ እናቴ ያለ መነጽር ታነበዋለች። ድምፅዋንም ይሰማል፤ የሸዋ አነጋገሯ አላስቸገረውም። የቀጠሮ ሰዓት ግን እኔው ነኝ የማስተካክለው። 10 ሰዓት ካላት ለእሷ ከሰዓት በኋላ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ነርሷ ዘና ብላ ስትጽፍ ነው።

አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስገባ እናቴ የኪኒን ዕቃዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትጠብቀኛለች። «ልጄ፣ ይኼን ኪኒን ለጥቂት ቀን ብቻ ነው እንዴ የምወስደው?» አለችኝ። የትኛውን ብላት የደም ግፊቷን አሳየችኝ። ከአገር ቤት ጀምራ በየቀኑ የምትውጠውን። ደነገጥኩ። ስልኳን ተቀብዬ አየሁት። ነርሷ የጻፈችው «ቴክ ኢት ኢዚ ፎር ኤ ፊው ዴይስ» ነው። ለጥቂት ቀን ራስዎን አያድክሙ፣ ዐረፍ ይበሉ ማለቷ ነው። መተግበሪያው ደግሞ «ለጥቂት ቀናት በቀላሉ ውሰደው» ብሎታል።

ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ማሽኑ ቃላቱን አልሳታቸውም። «ቴክ» መውሰድ ነው። «ኢዚ» ቀላል ነው። ግን በእኛ ቤት የሚወሰደው ምንድን ነው? ቡና ይጠጣል፣ እንጀራ ይበላል፣ መድኃኒት ይወሰዳል። ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት አልጋ ላይ ያለች ሴት «ውሰደው» ስትባል ዓይኗ ወዴት ይሂድ? ዓረፍተ ነገሩ ዝብርቅርቅ ያለ ቢሆን ኖሮ ትጠራጠር ነበር። ደህና አማርኛ ስለመሰለ ነው ያመነችው። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

ደግሞ «ውሰደው»! ለ71 ዓመት ሴት! «ይውሰዱት» ማለት ቢያቅተው «ውሰጂው» ይበላት። የእንግሊዝኛው «ዩ» ወንድ ሴት፣ ትልቅ ትንሽ አይለይም፤ አማርኛ ግን አፉን ሲከፍት መጀመሪያ የሚወስነው እሱን ነው። መተግበሪያው ውስጥ «የምታናግረው ማንን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ቁልፍ ቢኖር ግማሹ ነገር ይቃለል ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ እራት ከበላን በኋላ ስልኩን ይዤ ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። ሥራ ቦታ በየቀኑ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ አስገባሁለት። «ኮል አስ ኢፍ ዩ ፓስ አውት ኦር ስሮው አፕ» አልኩት። «ካለፍክ ወይም ወደ ላይ ከጣልክ ደውልልን» አለኝ። ራስዎን ከሳቱ ወይም ካስመለሰዎት ይደውሉ ነው ነገሩ። «ካለፍክ»ን ግን እናቴ እንዴት እንደምትሰማው አስቡት። ሰው ሲያልፍ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

«ከት ዳውን ኦን ሶልት» እና «ከት አውት ሶልት» ብዬ አስከተልኩ። ለሁለቱም «ጨው ቁረጥ» አለ። የመጀመሪያው ጨው ቀንሺ ነው። ሁለተኛው ጨው እርም በይ ነው። የሽሮዋ ጨው ትንሽ ሲያንስ የምትቆጣ እናት ላላት ሰው ይኼ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

«ፍሌር አፕ»ን «ተቀጣጠለ» አለው። እኛ «ተነሳባት» እንላለን፤ አስሟ ተነሳባት፣ ጨጓራዋ ተነሳባት። «ዌር ኦፍ» ላይም ወደቀ። ማደንዘዣው «ይለቃታል» እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል? ጉንፋንም ይለቃል። «ሃንግ ኢን ዜር» ስለው «እዚያ ተንጠልጠል» አለኝ። አይዞሽ ማለት ነው እኮ። አይዞሽን የሚያህል ቃል እያለን!

ይኼን ሥራ ስሠራ ቀስ ብሎ የገባኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እንግሊዝኛ ከግሡ ኋላ «አፕ»፣ «አውት»፣ «ኦፍ» የምትል ትንሽ ቃል ያስከትላል፣ ትርጉሙም ይገለበጣል። ብዙ ሰው አማርኛ እንዲህ ያለ ነገር የለውም ይላል። አለው። የእኛዋ ትንሽ ቃል ግሡ ውስጥ ገብታ ነው የምትቀመጠው። «ኪኒኑ አለቀ» እና «ኪኒኑ አለቀብኝ» አንድ ናቸው? ያቺ «ብኝ» ጭንቀቴን ተሸክማ ነው የመጣችው። እንግሊዝኛው «ራን አውት ኦን ሚ» ሲል በ«ኦን ሚ» የሚለውን እሷ ብቻዋን ትችለዋለች። መኪና ሲቆምብን፣ ልጅ ሲታመምብን፣ ሰው ሲመጣልን፣ ነገር ሲሳካልን እንደዚሁ ነው። ሌላም መንገድ አለን። «ጌት አፕ» ብድግ በይ ነው። «ሲት ዳውን» ቁጭ በይ ነው። «ካልም ዳውን» ረጋ በይ ነው። አንዷ «አለ» ስንቱን ትሸከማለች! ማሽኑ የሚጠፋው «አፕ»ን ባየ ቁጥር አማርኛው ውስጥ «ወደ ላይ» የሚል ነገር ካላስቀመጥኩ ሲል ነው።

ይኼ የማይቻል ነገር ቢሆን ባልተናደድኩ። የቋንቋ ምሁሩ ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ከ1500 ገጽ በላይ ነው። ቃልን ብቻውን አይፈታም፤ ከነዓረፍተ ነገሩ ነው የሚሰጣችሁ፣ ያው አንድ ግሥ በየቦታው ሌላ የአማርኛ ግሥ ሲያገኝ ታያላችሁ። ከ50 ዓመት በፊት ሰው ተቀምጦ የለቀመው ነው። እንደ «ሎግ ኢን» ያለ የኮምፒውተር ዘመን ቃል አትፈልጉበት እንጂ ለቆዩት አባባሎች አሁንም እሱን ነው የምገልጠው።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ ደግሞ የባሰ ገጠመን። እናቴ አንድ ጠዋት ትኩሳት ነበራት፣ ከንፈሯ ላይም ቁስል ወጥቶባታል። ነርሷ ስትመጣ ወደ ስልኩ «ምች መታኝ» አለች። ስልኩም በጠራ እንግሊዝኛ «ሚች ሂት ሚ» ብሎ ተናገረ። ሚች እዚህ አገር የወንድ ስም ነው። ነርሷ ፊቷ ተለዋወጠ። ሚች ማነው? እዚህ ቤት ነው የሚኖረው? መቼ ነው የመታሽ? በሽተኛዋ ቤቷ ውስጥ የሚመታት ሰው እንዳለ መጠየቅ ሥራዋ ስለሆነ አልፈርድባትም። እናቴ የገባት «መቼ» የምትለዋ ብቻ ናት። «ትናንት፣ ፀሐይ ላይ ስወጣ» አለች። እኔ በስልክ ገብቼ እስካስረዳ ድረስ ነርሷ ማስታወሻ መጻፍ ጀምራ ነበር። እናቴ የፈለገችው ዳማ ከሴ ብቻ ነበር።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር እወቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ሊያቀርብላችሁ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የፌዴራል ደንብ ደግሞ፣ ማሽን የተረጎመው ጽሑፍ ለታካሚው ወሳኝ ከሆነ ወይም ቃል በቃል የማይፈታ አነጋገር ካለበት፣ ብቃት ያለው ሰው አይቶ እንዲያርመው ያዛል። «ቴክ ኢት ኢዚ» ማለት እኮ ይኼው ነው። ስልክ ተዘርግቶላችሁ «በዚህ አውሪ» ብትባሉ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። መብታችሁ ነው።

እና ልግዛው ወይ ለምትሉኝ፣ ከ5 ኮከብ 3 እሰጠዋለሁ። ለመድኃኒት ዕቃ፣ ለአውቶቡስ፣ ለገበያ፣ ከጎረቤት ጋር ሰላም ለመባባል 8 ዶላሩን አልቆጭበትም። እናቴ ብቻዋን ወጥታ መግባት የጀመረችው በእሱ ነው፤ ይኼን አልክድም። ለሐኪም ቃል ግን አትመኑት። ነርሷን ለመንኳት፣ እሷም ደስ ብሏት እሺ አለች። አሁን «ስሮው አፕ» ትታ «ቮሚት» ትላለች፤ ማስታወክ ብሎ በትክክል ያመጣዋል። «ፓስ አውት»ን በ«ፌንት» ቀየረችው፤ ራስን መሳት ይላል። «ምች መታኝ»ን ደግሞ በማረሚያው ሳጥን በኩል ከነትርጉሙ ሁለት ጊዜ ልኬላቸዋለሁ። እስካሁን ሚች ነው።

ባለፈው ሐሙስ ነርሷ ቃሏን አክብራ አጭርና ግልጽ መልእክት ላከች። «ፕሊስ ሬስት»። ስልኩ «እባክህ እረፍ» አለ። እናቴ በሥራ ሰዓት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

«ልጄ፣ ምን አጠፋሁባት?»