ለሙዚቃ ምት የሚንቀሳቀስ አብስትራክት ቪዲዮ፦ ብሌንደር፣ ተችዲዛይነር ወይስ አፍተር ኢፌክትስ?

ዘፈኑ አልቋል። የቀረው ከከበሮው ጋር የሚያብጥና የሚኮማተር፣ ቀለሙ ከዜማው ጋር የሚለዋወጥ ቪዲዮ ነው። ያኔ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «የትኛውን ሶፍትዌር ልግዛ?» ሥራችሁ ላለቀ ዘፈን ቪዲዮ ሠርቶ መልቀቅ ከሆነ ምንም አትግዙ፤ ነፃውን የሦስት ዳይሜንሽን ሶፍትዌር ብሌንደርን አውርዱ። ሙዚቀኛው መድረክ ላይ እየተጫወተ ምስሉ እዚያው እንዲከተለው ከተፈለገ ምስልን በዚያው ቅጽበት የሚያመነጨው ተችዲዛይነር ነው። የአዶቤ ኩባንያው አፍተር ኢፌክትስ የሚያዋጣው በሌላ ሥራ ምክንያት ክፍያውን አስቀድሞ ለሚከፍል ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ገንዘቡ

አፍተር ኢፌክትስ ይከራያል እንጂ አይሸጥም። አዶቤ ከ2013 ወዲህ አንዴ ከፍለው የራስ የሚያደርጉት አዲስ የአፍተር ኢፌክትስ ቅጂ አላወጣም። ለብቻው ሲወሰድ በአሜሪካ የዋጋ ዝርዝር በወር 22.99 ዶላር ነው። ዓመቱን 275.88፣ ሦስት ዓመቱን 827.64 ዶላር ይመጣል።

ሰው የሚጎዳው ግን በሌላ በኩል ነው። «በወር» የሚለውን አይቶ ሲፈልግ የሚተወው ይመስለዋል፤ ውሉ ግን የዓመት ነው፣ ወርሃዊ የሆነው አከፋፈሉ ብቻ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት በኋላ ያቋረጠ ሰው የቀሪዎቹን ወራት ሒሳብ ግማሽ ይጠየቃል። በአራተኛው ወር መጨረሻ ላይ ቢያቆም 8 ወር ይቀረዋል፤ ይህ 183.92 ዶላር ነው፤ ግማሹ 91.96። ቪዲዮው አልቆ፣ ሶፍትዌሩ ተዘግቶ፣ ወደ ዘጠና ሁለት ዶላር ለምንም። ለአንድ ቪዲዮ ብቻ የግድ ካስፈለገ የዓመት ውል የሌለበትን ወርሃዊ አማራጭ መርጦ በአንድ ወር ጨርሶ መውጣት ይሻላል፤ የወሩ ክፍያ ከፍ ቢልም ድምሩ ያንሳል።

ሒሳቡ እዚህም አያበቃም። አብሮት የሚመጣው የድምፅ መሣሪያ የዘፈኑን ከፍታ (የድምፁን ጉልበት) እንጂ ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ከሃይሃቱ (ከቀጭኑ የሲምባል ድምፅ) ለይቶ አይሰጥም። ለዚያ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ትራፕኮድ ሳውንድ ኪስ የሚባለው ተጨማሪ ፕሮግራም (ፕለጊን) ማክሰን የሚባል ሌላ ኩባንያ ነው የሚያወጣው፤ የራሱ የተለየ ክፍያ አለው። ስለዚህ 827 ዶላሩ መነሻ ነው።

ተችዲዛይነር ነፃ ቅጂ አለው፤ ለንግድ ሥራ መጠቀም አይፈቀድም፣ የምስሉ ስፋትና ቁመትም ከ1280 በ1280 ፒክሰል አያልፍም። ይህ ማለት ሰፊው የቪዲዮ ቅርጽ 1280 በ720 ላይ ይቆማል፤ 1920 በ1080 አይገኝም። ለመማር ከበቂ በላይ ነው፤ ገንዘብ ለሚከፈልበት ሥራ ግን አይሆንም። የንግድ ፈቃዱ 600 ዶላር ነው፤ የአንድ ዓመት ማሻሻያ ያካትታል፣ ዓመቱ ካለፈም በኋላ በእጃችሁ ያለው ቅጂ መሥራቱን ይቀጥላል። 2,200 ዶላር የሚያወጣው ፕሮ ለዚህ ዓይነት ሥራ አያስፈልግም፤ ማንም «ፕሮውን ካልገዛህ» ቢላችሁ አትስሙት።

ብሌንደር ዜሮ ነው፤ ለንግድም፣ በማንኛውም የምስል መጠን፣ ለሁልጊዜ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ብሌንደርን ስሙን ቀይረው፣ ማሸጊያ ሠርተውለት የሚሸጡ አሉ። «ሙሉ የሦስት ዳይሜንሽን ስቱዲዮ በ50 ዶላር» የሚል ነገር ስታዩ የሜኑዎቹን ፎቶ ከብሌንደር ጋር አስተያዩ። ከራሱ ከብሌንደር ድረ ገጽ ውጪ ከየትም አታውርዱ።

የተረፈው ገንዘብ ራምና ግራፊክስ ካርድ ላይ ይዋል። አፍተር ኢፌክትስ በ2025 ከወጣው 25.2 ቅጂ በፊት የተሠራውን ለማሳየት እያንዳንዱን ፍሬም (ቪዲዮው የሚሠራበትን ነጠላ ምስል) ራም ላይ ያስቀምጥ ነበር። በ16 ቢት ቀለም አንድ የ1920 በ1080 ፍሬም 16.6 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ሦስት ደቂቃ በሴኮንድ 30 ፍሬም ሲሆን 5,400 ፍሬም ነው፤ ወደ 90 ጊጋባይት። 16 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተር ሌላው ሌላው ተቀንሶ ለዚህ የሚተርፈው 10 ቢሆን፣ በአንዴ አይታችሁ የምትጨርሱት 20 ሴኮንድ ብቻ ነበር። ከድምፅ ጋር መግጠሙን ደጋግሞ ማየት ሥራው ራሱ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ማነቆ ነበር።

ሦስቱንም የሚመለከት ዝግጅት

ብዙው ችግር የሚፈጠረው ሶፍትዌሩ ከመከፈቱ በፊት ነው። ድምፁን በኤምፒ3 አታስገቡ፤ ቢትሬቱ (በሴኮንድ የሚይዘው የመረጃ መጠን) የሚለዋወጥ ኤምፒ3 እየቆየ ከምስሉ ጋር ይተላለፋል። ዋቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ይሁን። በሴኮንድ የሚኖረውን የፍሬም ብዛትም አስቀድማችሁ ወስኑና በኋላ አትንኩት። 29.97 እና 30 አንድ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ ልዩነቱ 0.1 በመቶ ቢሆንም ሦስት ደቂቃ ላይ 0.18 ሴኮንድ ይሆናል፤ ከአምስት ፍሬም በላይ። ዓይን ይህን በደንብ ያያል። የዘፈኑ ፍጥነት በደቂቃ 120 ምት ከሆነ በ30 ፍሬም እያንዳንዱ ምት ልክ 15 ፍሬም ላይ ይወድቃል፤ በ25 ግን 12.5 ስለሚሆን ምቱ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ይጎተታል። ፍጥነቱን አይቶ ፍሬሙን መምረጥ ምንም አያስከፍልም።

ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ ይህ ነው፦ ማስተር የተደረገ (ለመልቀቅ የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ የተደረገለት) ዘፈን ከፍታው እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። ከበሮው ሲመታም ድምፃዊው ሲይዝም ጠቅላላ ከፍታው ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ምስሉን በጠቅላላው ከፍታ የሚያንቀሳቅስ ሰው የሚያገኘው ሳያቋርጥ የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው፤ ምት የለውም። መፍትሔው ሁለት ነው። ከሙዚቃ አቀናባሪው ከበሮውን፣ ቤዙን፣ ድምፁን ለየብቻ በዋቭ መጠየቅ፤ ሁሉም ከአንድ መነሻ ይጀምሩ፣ ርዝመታቸውም እኩል ይሁን። እሱ ካልተገኘ በፍሪኩዌንሲ መለየት፦ ኪክ (ትልቁ ከበሮ) ከ40 እስከ 100 ኸርዝ፣ ሃይሃት ከ6,000 ኸርዝ በላይ። የሶፍትዌሮቹ አብዛኛው ልዩነትም እዚህ ላይ ይታያል፤ ብሌንደር ይህን በነፃ ይሠራዋል፣ አፍተር ኢፌክትስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አያመቻችም።

ብሌንደር

አሠራሩ ይህ ነው። በሴኮንድ የሚኖረውን የፍሬም ብዛት አስተካክሉ፤ ከዚያ ጠቋሚውን ፍሬም 1 ላይ አድርጉ። ድምፁ የሚጻፈው ጠቋሚው ካለበት ፍሬም ጀምሮ ነው፤ 87ኛው ላይ ቆማችሁ ካዘዛችሁ ሁሉም ነገር ዘግይቶ ይገባል፣ ለምን እንደሆነም አይገባችሁም። አንድ ባዶ ነገር ጨምሩ፤ «ኤምፕቲ» የሚባለውን። የቁመት ቦታው ላይ ኪፍሬም (በአንድ ፍሬም ላይ የሚመዘገብ ቁጥር) አስቀምጡ፤ ኪፍሬም ከሌለ ድምፁ የሚጻፍበት መስመር የለም። እንቅስቃሴው በመስመር በሚታይበት ግራፍ ኤዲተር ውስጥ ያንን መስመር ብቻ መርጣችሁ ከቻነል ሜኑ «ሳውንድ ቱ ሳምፕልስ» የሚለውን ጥሩ፤ በቆዩት ቅጂዎች ስሙ «ቤክ ሳውንድ ቱ ኤፍ ከርቭስ» ነው። ዝቅተኛውን 40፣ ከፍተኛውን 100 አድርጋችሁ ፋይሉን ምረጡ። ለሃይሃት ሌላ ኤምፕቲ፣ ሌላ መስመር፣ ከ6,000 እስከ 16,000።

እዚያው ጎን ያሉት ሁለት ቁጥሮች የቪዲዮውን ጠባይ የሚወስኑ ናቸው። አታክ ምስሉ ለምቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚነሣ፣ ሪሊዝ በምን ያህል ዝግታ እንደሚወርድ ይወስናሉ። በራሱ የሚመጣው 0.005 እና 0.2 ነው። አታኩን አትንኩት። ሪሊዙን ግን ለፈጣን ዘፈን ወደ 0.1፣ ለቀዝቃዛው ወደ 0.4 ብትወስዱት ምስሉ መንቀጥቀጡን ትቶ መተንፈስ ይጀምራል። ቶሎ መነሣት፣ ቀስ ብሎ መውረድ፤ ከበሮ ራሱ የሚጮኸው እንደዚያ ነው።

ጀማሪዎች የሚወድቁበት አንድ ቦታ አለ፦ ድምፁን በቀጥታ የቅርጹ መጠን ላይ ይጽፉታል። ዝምታ ሲመጣ ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል፣ መጠኑም ዜሮ ይሆናል፣ ቅርጹ ከስክሪኑ ይጠፋል። ለዚህ ነው በኤምፕቲ በኩል መሄድ የሚያስፈልገው። የቅርጹ መጠን ላይ ድራይቨር (አንዱን ቁጥር በሌላው የሚመራ ማያያዣ) አስገቡና «0.8 ሲደመር የኤምፕቲው ቁመት በ1.5 ተባዝቶ» የሚል ቀመር ስጡት። በዝምታ 0.8 ላይ ያርፋል፣ በኪኩ ከዚያ ይነሣል። ያው አንድ ኤምፕቲ የቀለም ብርሃንን፣ የካሜራ ርቀትን፣ በጂኦሜትሪ ኖድስ (ቅርጾችን በቀመር በሚያበዛው የብሌንደር መሣሪያ) የተበተኑ 500 ኩቦችን በአንድ ጊዜ ሊመራ ይችላል። ኋላ ድምፁ ቢቀየር የምትጽፉት አንዱን መስመር ብቻ ነው።

ጉዳቱ ጊዜው ነው። ሳይክልስ በሚባለው ቀርፋፋው የብሌንደር ምስል ማውጫ አንድ ፍሬም 10 ሴኮንድ ቢፈጅ 5,400 ፍሬም 15 ሰዓት ነው። ኢቪ በሚባለው ፈጣኑ 1 ሴኮንድ ቢፈጅ አንድ ሰዓት ተኩል። ለአብስትራክት ሥራ ኢቪ ይበቃል። በየትኛውም ቢሆን በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል አታውጡ፤ ፒኤንጂ ተከታታይ ምስል አድርጉ። በ14ኛው ሰዓት መብራት ቢጠፋ ከቆመበት ፍሬም ይቀጥላል፤ ቪዲዮ ፋይል ግን እንዳለ ይበላሻል። ከዚያ ምስሎቹንና ዋቩን በብሌንደር ሲኩዌንሰር (ቪዲዮና ድምፅ ማቀናበሪያው) ላይ አገናኙ። ቪዲዮው ያለ ድምፅ ከወጣ ብሌንደር አልተበላሸም፤ በኤክስፖርቱ የድምፅ ኮዴክ «ኖ ኦዲዮ» ላይ ቀርቷል።

አፍተር ኢፌክትስ

«ኮንቨርት ኦዲዮ ቱ ኪፍሬምስ» የሚለው ትእዛዝ «ኦዲዮ አምፕሊቲዩድ» የሚባል ሌየር ይፈጥራል፤ በውስጡ የግራ፣ የቀኝና የሁለቱም ቁጥር አለ። ከፍታ ብቻ ነው፤ የግድግዳው ችግር እንዳለ ይጠብቃችኋል። ከበሮውን ለብቻ ካገኛችሁ ግን በደንብ ይሠራል፦ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ዝም አሰኝታችሁ ለውጡ፣ ትልቁንና ትንሹን ቁጥር ከግራፉ አንብቡ፣ ሊኒየር በሚባለው ኤክስፕሬሽን (አጭር ቀመር) ወደምትፈልጉት መጠን መልሱት። ኪፍሬሞቹን በስሙዘር አታለስልሱ፤ ጫፉን ይቆርጠዋል፣ ምቱም ይደክማል።

ገንዘብ የሚባክንበት ሌላው በር ቴምፕሌት (አስቀድሞ ተሠርቶ የሚሸጥ ፕሮጀክት) ነው። የሚያምር ማሳያ አይቶ የገዛ ሰው ሲከፍተው የሌለው ተጨማሪ ፕለጊን ይጠየቃል፤ ወይም ሶፍትዌሩ በሌላ ቋንቋ ስለተጫነ የኢፌክቶቹ ስም አልገጥም ብሎ ኤክስፕሬሽኖቹ ስሕተት ያሳያሉ። ከመክፈል በፊት ሁለት ነገር ያንብቡ፦ ምን ፕለጊን ይፈልጋል፣ በስንተኛው ቅጂ ተሠራ። አዲስ ላይ የተሠራ ፕሮጀክት በአሮጌው አይከፈትም።

ክራክ የተደረገ (የፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ) ቅጂም አለ፤ ዋጋው ዜሮ የሚመስል። ፀረ ቫይረሱን አጥፉ የሚል ጫኝ የሚያስገባውን ነገር የሚያውቀው ያዘጋጀው ሰው ብቻ ነው። ብሌንደር በነፃ ተቀምጦ ይህን አደጋ መግዛት ትርጉም የለውም።

ተችዲዛይነር

መድረክ ላይ ከሆነ ተወዳዳሪ የለውም፤ ሬንደር (ፍሬሞቹ ተሰልተው እስኪወጡ) መጠበቅ የለም፣ የምታዩት የሚወጣው ነው። እርስ በርስ የሚያያዙት ሳጥኖች ሰንሰለት አጭር ነው፦ ኦዲዮ ፋይል ኢን ወይም ዲቫይስ ኢን (ድምፁ የሚገባበት)፣ ቀጥሎ ኦዲዮ ፊልተር (ፍሪኩዌንሲውን የሚለይ)፣ ቀጥሎ አናላይዝ በአርኤምኤስ ፓወር (ጉልበቱን የሚለካ)፣ ቀጥሎ ላግ (የሚያለሰልስ)፣ ቀጥሎ ማዝ (ቁጥሩን የሚያስተካክል)፣ መጨረሻ ነል (ውጤቱ የሚያርፍበት)፤ ከነሉ ወደ ምስሉ ቁጥሮች። ላጉ ላይ ለመውጫው 0.02፣ ለመውረጃው 0.25 ሴኮንድ ጥሩ መነሻ ነው። ፓሌቱ (የተዘጋጁ መሣሪያዎች ዝርዝር) ውስጥ ያለው ኦዲዮ አናሊሲስ ኪክንና ስኔርን (ትንሹን ከበሮ) ለይቶ በአንድ ሳጥን ይሰጣችኋል፤ ከዜሮ አትገንቡት።

የሚያስቸግረው ወደ ፋይል ሲቀረጽ ነው። ኮምፒውተሩ ካልደረሰበት ፍሬም ይዘልላል፣ ቪዲዮውም ይንተፋተፋል። ከላይ ያለውን ሪልታይም ምልክት አጥፉ፣ የድምፁን ፕሌይ ሞድ «ሎክድ ቱ ታይምላይን» አድርጉ፤ ቀረጻው ቀስ ይላል እንጂ ፍሬም አይጎድልም። አንዱን ብቻ አድርጎ ሌላውን መርሳት ነው ድምፁንና ምስሉን የሚያለያየው።

የምስሉ ሥራ በአብዛኛው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ስለሆነ የካርዱ ጥራት እዚህ ወሳኝ ነው፤ ያገለገለ ካርድ ገበያ ላይ ደግሞ ተለጣፊውና ውስጡ የማይገናኝ አለ። የአሮጌ ካርድ ባዮስ (የካርዱ ውስጣዊ ፕሮግራም) ተለውጦ በአዲስ ሞዴል ስም ይሸጣል፤ ዊንዶውስም የተጻፈለትን ስም ያነብባል። ከመክፈል በፊት ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አስከፍቱ፤ ሐሰተኛ የኤንቪዲያ ካርዶችን ለይቶ ያስጠነቅቃል። ቀጥሎ ከባድ ነገር አስነሥታችሁ 20 ደቂቃ አቆዩት። «አሁን ኬብል የለም፣ ቤት ወስደህ ሞክረው» የሚል ሻጭ ካጋጠመ ተዉት።

አፍተር ኢፌክትስን አስቀድማችሁ የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን አጋቡ፤ እንቅስቃሴውን በብሌንደር ሠርታችሁ ፒኤንጂውን ግልጽ ጀርባ አድርጋችሁ አውጡ፣ የዘፈኑን ስምና የቀለም ማስተካከያውን በአፍተር ኢፌክትስ ጨምሩ። በማንኛውም ብትሠሩ፣ ሙሉ ስክሪን የሚያበራ ብልጭታ በሴኮንድ ከሦስት ጊዜ አይብለጥ፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን ተመልካች ሊጎዳ ይችላል። በ16ኛ ኖታ (እያንዳንዱን ምት ለአራት ከፍሎ) የሚሄድ ሃይሃት በደቂቃ 120 ምት ላይ በሴኮንድ 8 ጊዜ ይመታል፤ እሱን ከብርሃን ጋር ሳይሆን ከትንንሽ ቅርጾች መጠን ጋር አገናኙት።