አዲስ ካኖን አር50 ወይስ ያገለገለ ካኖን 6ዲ?

"ምን ካሜራ ልግዛ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። የሚያማርጡት ደግሞ እነዚህኑ ሁለቱን ነው። ሁለቱንም በገንዘቤ ገዝቼ ሠርቼባቸዋለሁ። አር50ን ሸጬ 6ዲ ከያዝኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ የኔ ምርጫ 6ዲ ነው።

መጀመሪያ ብሩን እናውራ። አር50ን አዲሱን ከነኪት ሌንሱ (አብሮት ከሚሸጠው ሌንስ ጋር) በ125,000 ብር ገዛሁት። 6ዲን ባዶውን፣ ማለትም ያለ ሌንስ፣ በ58,000። ያገለገለች 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ሌንስ በ14,000 ጨመርኩለት። ድምሩ 72,000 ብር። ልዩነቱ 53,000 ነው! ያውም 6ዲ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ባዶው 2,099 ዶላር የነበረ ካሜራ ነው።

የአር50 ወጪ በዚያ አያበቃም። የድሮዎቹ የካኖን ሌንሶች ያለ አዳፕተር (በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባ ማገጣጠሚያ) አይገጥሙትም። ከሁሉ የከፋው የፍላሹ ነገር ነው። መሰኪያው እንደ ቀድሞዎቹ ስላልሆነ፣ የተለመደውን ፍላሽ ለማሠራት ኤዲ-ኢ1 የሚባል ማገናኛ ለብቻው ይገዛል። ይህን ያወቅሁት የአክስቴ ልጅ ቅልቅል ላይ ነው። ሙሽሮቹ ሲገቡ ተጫንኩ፤ ፍላሹ ዝም። ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፤ አሁንም ዝም። የሸጠልኝ ሰው ስለ ማገናኛው አንድ ቃል አልተነፈሰም። አክስቴ ፎቶውን ስትጠይቀኝ አሁንም አፍራለሁ።

6ዲ ላይ ያው ፍላሽ ሰተት ብሎ ገባ፤ በመጀመሪያው ተጭኖ ሠራ። ባለፈው እሁድ ደግሞ ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ይዤው ሄድኩ። ያለ ፍላሽ፣ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400፣ ጧፍ የያዙ አንዲት እናትን አነሳሁ። የነጠላቸው ጥለት ክሩ ሳይቀር ይታያል። ፉል ፍሬም (ምስል የሚቀበለው ሴንሰር ትልቅ የሆነበት ካሜራ) የሚባለው ለካ ይሄ ነው። በጨለማ ግን የመሃለኛዋን የፎከስ ነጥብ ብቻ እመኑ። ክብደቱም ከአር50 እጥፍ ነው፤ አንገት ይይዛል።

ያገለገለ ስትገዙ ሻተሩን፣ ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋውን መጋረጃ፣ አጣሩ። የ6ዲ ሻተር የተሠራው ለ100,000 ፎቶ ያህል ነው። ስንት ፎቶ እንደተነሳበት ካሜራው ሜኑ ላይ አይወጣም፤ በኮምፒውተር ነው የሚታየው። "ብዙ አልተነሳበትም" የሚል ሻጭ ላፕቶፕ ስታወጡ ፊቱ ከተለወጠ ጥላችሁ ሂዱ። ከዚህ በፊት ሳላይ የገዛሁት ካሜራ ሻተሩ ሞቶ፣ ከሌላ ካሜራ የተነቀለ በ18,000 ብር አስገጠምኩለት። አራት ወር አልቆየም።

ኮፒ ባትሪ በፍጹም እንዳትገዙ። እኔ በ1,500 ብር የገዛሁት ካሜራው ውስጥ አብጦ አልወጣም አለ። በጉጠት ስስበው የባትሪው በር ተሰበረ። 6ዲ ሜኑ ውስጥ የባትሪ መረጃ የሚል አለ። ሦስት አረንጓዴ ካሬ ካሳየ ባትሪው ደህና ነው፤ አንድ ቀይ ካሳየ አርጅቷል። ይህን ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ እዩት፣ ከዚያ ብር ቁጠሩ።

ሥራችሁ ቪዲዮ ከሆነ ግን 6ዲን ተዉት። 4ኬ (በጣም ጥራት ያለው ቪዲዮ) የለውም፤ እየቀረጻችሁ የሚንቀሳቀስ ሰው በፎከስ አይከተልም። ለቲክቶክና ለዩቲዩብ አር50 ይሻላችኋል። የማገናኛውንና የአዳፕተሩን ዋጋ አስቀድማችሁ ደምሩበት እንጂ።