የቮልስ ሚኒሞ ሲያስቸግር፦ ኬሚካል ወይስ ካርቡሬተር ማጽዳት?

አሮጌ ቮልስ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ የሚዞርበት ፍጥነት) አልይዝ ብላ መብራት ላይ ስትጠፋ ሁለት ምክር ይመጣል። ቤንዚን ውስጥ ኬሚካል ጨምር፤ ወይም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር አስጸዳ።

ኬሚካሉ ቀላል ነው። ቀጠን ያለ ዝቃጭ ቀስ እያለ ያሟሟል። ግን የሚደርሰው ቤንዚን የሚያልፍበት ቦታ ብቻ ነው። በጎን አየር የሚያስገባ ጋስኬት (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ካለ ምንም አይፈይድም። 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበት የዲስትሪቢዩተር ፖይንት (ለካንዴላ እሳት የሚያስነሳው መገናኛ) ክፍተት ከሰፋም እንደዚያው።

እኔ የማደላው ለማጽዳቱ ነው። የካርቡሬተሩ የሚኒሞ ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አትበልጥም፤ አንዲት ቅንጣት ትደፍናታለች። ፈትቶ በአየር መንፋት ነው። ሽቦ ግን በፍጹም! ቀዳዳዋን ያሰፋታል። ከዚያ ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞውን በደቂቃ 850 ዙር አካባቢ ማስተካከል።

ኬሚካል ብዙ ለቆመች መኪና ከተጨመረ ደግሞ የቤንዚን ፊልትሮውን (ማጣሪያውን) ቶሎ ቶሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የጋኑ ቆሻሻ ተላቆ ይመጣል።