“ላይም አገረሸብኝ” ለምትሉ፦ ስለ አንዲት ሐኪምና ስለ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ

ምስጋናው ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ጥቁር አንበሳ ሲወረድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ለሚሠሩ አንዲት የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስትና አብሯቸው ላለው የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አይፈልጉም፤ አድራሻውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ጥቆማው ደግሞ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የላይም በሽታ (በመዥገር ንክሻ የሚተላለፍ የባክቴሪያ ሕመም) ታሪክ ይዘው መጥተው፣ እዚህ ጉልበታቸው ሲያብጥ ወይም ድካም ሲጥላቸው “ተመልሶ መጣብኝ” ለሚሉ ነው። ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው የማን ማዘዣ ምን እንደሚመስል ያውቃል። የእኚህ ሐኪም ማዘዣ አጭር ነው፤ አንዳንዴም ታካሚውን ያለ ማዘዣ ይሸኙታል። የማመሰግናቸውም በዋናነት ለዚሁ ነው።

ላይም የአገራችን በሽታ አይደለም። ስሙን ያገኘው በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ካለችው ላይም ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በዚያ አካባቢ ብዙ ልጆች መገጣጠሚያቸው እያበጠ ሲታመሙ ነው መጠናት የጀመረው። አምጪውን ጥምዝምዝ ባክቴሪያ ዊሊ ቡርግዶርፈር በ1980ዎቹ መጀመሪያ መዥገር ውስጥ አገኘው፤ ቦሬሊያ ቡርግዶርፈሪ የተባለውም በእሱ ስም ነው። (ሰውዬው ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1973 ከባልደረቦቹ ጋር የኢትዮጵያ መዥገሮች የተስቦን ተሕዋስ ይሸከሙ እንደሆነ መርምሮ ጽፏል።) በሽታውን የሚያስተላልፉት ኢክሶደስ ከሚባለው ወገን አንዳንድ መዥገሮች ናቸው፤ የሚኖሩትም በዋናነት በሰሜን ምሥራቅና በላይኛው መካከለኛ ምዕራብ አሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ ጫካዎች ነው። ላምና ውሻ ላይ የምናያቸው የእኛዎቹ ትልልቅ መዥገሮች ከሌላ ወገን ናቸው። እነሱ የሚያመጡት ሌላ ትኩሳት ነው፤ ብዙ ጊዜ የተነከሰው ቦታ ላይ ጥቁር ቅርፊት ይተዋል። ስለዚህ “ሱሉልታ ሣር ላይ ተቀምጬ ላይም ያዘኝ” የሚል ሰው ሲመጣ ዶክተሯ ላይምን ትተው ብብቱንና ብሽሽቱን እያገላበጡ ያን ቅርፊት ይፈልጋሉ።

ላይም ይዞኝ ነበር ለሚል ታካሚ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው “የት ነበርክ? በየትኛው ወር?” ነው። ወሩን የሚጠይቁት በከንቱ አይደለም። ሰውን በብዛት የምትነክሰው ከጤፍ ፍሬ ብዙ የማትበልጠው ግልገል መዥገር ናት፤ እሷም የምትበዛው በፀደይ መጨረሻና በበጋቸው፣ ማለትም በእኛ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ነው። በሽታውን ለማስተላለፍ በአብዛኛው ከአንድ ቀን በላይ ተጣብቃ መቆየት አለባት። በቅርቡ ከዚያ የመጣና ጫካ የገባ ሰው እንደገና ሊያዝ ይችላል፤ አንዴ መታመም ከሁለተኛው አያድንም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአዲስ አበባ ያልወጣ ሰው ግን አዲስ ላይም ከየት ያመጣል? በአሜሪካ የላይም የመጀመሪያ ምልክት የሆነው ሽፍታ በድጋሚ የወጣባቸውን ታካሚዎች ባክቴሪያ ዘር ያነጻጸረ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ሁለተኛው ሽፍታ የአዲስ ንክሻ ውጤት እንጂ የድሮው ያገረሸ እንዳልሆነ አሳይቷል። ይህ አንድ ነጥብ ብቻውን ብዙ ጭንቀት ያቃልላል።

ስለ ሽፍታው አንድ ነገር ልጨምር፤ በሌላ ቦታ ሲዘለል አይቻለሁ። መጽሐፍ ላይ የሚታየው ቀይ ክብ የነጭ ቆዳ ሥዕል ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ፣ የተመታ ቦታ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ መሀሉም ላይነጣ ይችላል። ዶክተሯ በመስኮቱ ብርሃን በጎን በኩል ያዩትና ዳሩን በእስክሪብቶ ከበው ቀኑን ይጽፉበታል፤ በማግስቱ ማስመሪያ ይዘው ይለካሉ። ከ5 ሴንቲ ሜትር ያለፈና በየቀኑ ከመስመሩ የሚወጣ ከሆነ፣ ከንክሻው በኋላ ባሉት ከ3 እስከ 30 ቀናት ውስጥ ከወጣና የጉዞ ታሪኩም ካለ፣ ደም ሳይጠብቁ ሕክምና ይጀምራሉ። ትክክል ናቸው። በዚያ ሰዓት ሰውነት ገና አንቲቦዲ (በሽታ ተከላካይ ፕሮቲን) ስላልሠራ የደም ምርመራው ብዙ ጊዜ ነጻ ነው ይላል።

ወደ ደም ምርመራው ልምጣ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ምርመራው ሁለት ደረጃ አለው፦ መጀመሪያ አንቲቦዲ መኖሩን የሚያየው ኤላይዛ፣ እሱ ፖዘቲቭ ወይም አጠራጣሪ ከሆነ አንቲቦዲዎቹን በመስመር በመስመር የሚለየው ዌስተርን ብሎት (እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በብሎቱ ፈንታ ሁለተኛ ኤላይዛ መጠቀምም ተፈቅዷል)። ብሎቱ ላይ አይጂኤም (ቀድሞ የሚሠራው አንቲቦዲ) ፖዘቲቭ የሚባለው ከ3 መስመር 2 ሲገኝ፣ አይጂጂ (ዘግይቶ የሚመጣው) ደግሞ ከ10 መስመር 5 ሲገኝ ነው። ወረቀቱን ይዘው የሚመጡ ሰዎች “41 ወጥቶብኛል” ይላሉ። 41 የሚባለው መስመር ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ የባክቴሪያ ጅራፍ ፕሮቲን ስለሆነ ላይም አይተው የማያውቁ ሰዎች ደምም ላይ ይወጣል። ሕመሙ ከጀመረ ከአንድ ወር በላይ ከሆነ ደግሞ አይጂኤም ብቻውን ፖዘቲቭ መሆኑ አይቆጠርም።

ከሁሉም በላይ፣ አንቲቦዲው በሽታው ከዳነ በኋላም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ታክሞ ለዳነ ሰው ዛሬ የሚወጣ ፖዘቲቭ “ድሮ ነበረብህ” ይላል እንጂ “አሁን አለብህ” አይልም። መዳንን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራም የለም። ይህን ቀድሞ የሚነግር ሐኪም ከምርመራው በፊት ወጪ ያድናል።

አዲስ አበባ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። እኛ ግርሻ የምንለው፣ በሰውነት ቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት፣ አምጪው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ ነው፤ የላይም ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ። ግርሻ የያዘው ሰው የላይም ኤላይዛ ላይ ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል፤ ቂጥኝም እንዲሁ ያሳስታል። በስሙ ምክንያት የሚደናገሩም አሉ፤ “ላይሜ አገረሸ” ሲሉ ሰሚው “ግርሻ ያዘው” ብሎ ይተረጉመዋል። ሁለቱ ግን አይመሳሰሉም። ግርሻ በድንገት በከፍተኛ ትኩሳትና ብርድ ይጀምራል፣ ለጥቂት ቀናት ይቆያል፣ ይተዋል፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ ይመለሳል፤ ባክቴሪያውም በትኩሳቱ ሰዓት በተወሰደ የደም ስላይድ ላይ በማይክሮስኮፕ በዓይን ይታያል። ላይም በስላይድ አይታይም።

የላቦራቶሪው ልጅ ውለታ እዚህ ላይ ነው። ትኩሳት ያለው ሰው ሲላክለት “መድኃኒት ጀምረሃል?” ብሎ ሳይጠይቅ ጣት አይወጋም፤ አንድ ክኒን እንኳ ከተዋጠ ስላይዱ ባዶ ሊሆን ይችላልና። ወፍራምና ስስ ስላይድ ይሠራል፣ በጂምሳ ቀለም ይቀባል፣ በዘይት ሌንሱ ረጋ ብሎ ያያል። ወባንም በዚያው ያያል። ለውጭ አገር ለሚላከው ናሙና ደግሞ 5 ሚሊ ሊትር ደም ጄል ባለው ቱቦ ይቀዳል፤ ሳይነቀንቅ አቁሞ ግማሽ ሰዓት ያረጋዋል፣ በማሽን ያሽከረክረዋል፣ ሴረሙንም (ከሴሎቹ የተለየውን የደም ፈሳሽ) ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ይላካል፣ ሌላው በረዶ ቤት ይቀራል፤ ከሳምንታት በኋላ ሁለተኛ ደም ሲወሰድ የድሮውና የአዲሱ ጎን ለጎን በአንድ ቀን በአንድ ማሽን እንዲታዩ። በተለያየ ላቦራቶሪ የተሠሩ ሁለት ቁጥሮችን ማወዳደር ትርጉም የለውም። ሴረሙ ቀላ ካለ (ደሙ በችኮላ ሲቀዳ ቀይ ሴሎች ስለሚፈነዱ ነው) ይጥለውና ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ይቀዳል። በረዶ ቤቱ ላይ የመብራት መቆራረጥ መዝገብ ለጥፏል፤ ቀልጦ እንደገና የረጋ ናሙና አይልክም።

“ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ” የሚለውን የከተማችንን የዘወትር ፍርድ እዚያ አትሰሙም። በአንድ ጠብታ የሚሠሩት የዊዳልና የዌል ፌሊክስ ምርመራዎች ከሌላ ሕመምም ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ለወራት የቆየ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት በእነሱ አይፈታም። በምትኩ ዶክተሯ ጥሬ ወተት ትጠጣለህ ወይ ብለው ብሩሴላን (በጥሬ ወተት የሚተላለፍ በሽታ) ያያሉ፤ የቂጥኝ፣ የኤችአይቪና የጉበት ቫይረሶች፣ የታይሮይድ፣ የዩሪክ አሲድ፣ የቫይታሚን ቢ12 እና የሪህ ምርመራዎችን እንደ ታሪኩ ይመርጣሉ። አንድ ጉልበት ብቻ ካበጠ ፈሳሹን በመርፌ ወስደው ክሪስታልም ባክቴሪያም ይፈልጉበታል፤ የላይም ፒሲአር (የባክቴሪያውን ዘር የሚፈልግ ምርመራ) ከደም ይልቅ ከጉልበት ፈሳሽ ሲሠራ ይሻላል። ቲቢ ሳይጣራ እንደ ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን ያሉ እብጠት የሚቀንሱ ስቴሮይዶችን አያዙም። እባካችሁ እናንተም ከመደርደሪያ ገዝታችሁ አትዋጡ፤ ቁርጥማቱን ያስታግስና ቲቢውን ያቀጣጥለዋል።

የሕክምናው መጠን ግልጽ ነው። ለሽፍታው ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ለ10 ቀን፤ ለነፍሰ ጡር አሞክሲሲሊን 500 ሚሊ ግራም በቀን ሦስቴ ለ14 ቀን። ለመገጣጠሚያ እብጠት ያው ክኒን ለ28 ቀን። “ክኒን አይሠራብኝም፣ መርፌ ይታዘዝልኝ” የሚለው የተለመደ ጥያቄ እዚያ አይሰማም። ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም በቀን አንዴ በደም ሥር የሚሰጠው ለተለየ ምክንያት ነው፤ ማጅራት ገትር ሲኖር፣ ልብ ላይ ከባድ ጉዳት ሲደርስ፣ ወይም ከ28 ቀን ክኒን በኋላ ጉልበቱ ምንም ሳይሻለው አብጦ ሲቀር።

አወሳሰዱ ላይ ብዙ ይበላሻል። ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጣል፤ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መተኛት የለም፣ ክኒኑ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። ወተት፣ የብረት ክኒንና የጨጓራ ማስታገሻ ክኒኑ ከተዋጠ ሁለት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ይሁኑ፤ መድኃኒቱን አስረው ያስቀሩታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ባዶ ሆድ ላይ ያቅለሸልሸዋልና ከንስሐ አባቱ ጋር ቀድሞ ይነጋገር፤ የጾም ምግብ ራሱ ግን ወተት ስለሌለው ለዚህ መድኃኒት ተስማሚ ነው። ፀሐይም ያቃጥላል፤ የአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ የግድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ትኩሳትና ብርድ ሊብስ ይችላል፤ ባክቴሪያው ሲሞት ነው እንጂ አለርጂ አይደለም። ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የትንፋሽ እጥረት ከመጣ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወዲያው ተመለሱ።

ሙሉ ሕክምና ወስደው ድካም፣ የሰውነት ሕመምና የሐሳብ መበታተን ለወራት የሚቆይባቸው ሰዎች አሉ። ሕመማቸው እውነት ነው፤ ዶክተሯም “በራስህ ላይ ያመጣኸው ነው” አይሉም። ነገር ግን ለወራት አንቲባዮቲክ መስጠት በተደጋጋሚ በጥንቃቄ ተፈትኖ ጥቅም አላሳየም፤ ጉዳቱ ግን ታይቷል፤ ከባድ ተቅማጥ፣ ከደም ሥሩ ቱቦ የሚነሳ የደም መመረዝ። እሳቸው እንቅልፉን፣ የደም ማነሱን፣ የታይሮይዱን፣ ድብርቱን አንድ በአንድ ያያሉ፤ እንቅስቃሴ በቀን በ10 ደቂቃ ያስጀምራሉ፤ በየወሩ ቀጠሮ ይሰጣሉ። ከውጭ በሽንት ወይም ባልተረጋገጠ መስፈርት የተሠራ “ላይም ፖዘቲቭ” ወረቀት ብታመጡ አንብበው ይመልሱላችኋል፤ ሕክምና አይጀምሩበትም። ይህ አንዳንዱን ያስቆጣል። ንግግራቸውም ቁጥብ ነው፤ ማባበል የሚፈልግ ሰው ላይወዳቸው ይችላል።

ሳትዘገዩ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል የምትሄዱበት ጊዜ አለ፦ ራስ መሳት፣ የልብ ምት መዘግየት ወይም መዝለል ካለ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ዛሬውኑ ያስፈልጋል። የፊት በአንድ ወገን መውደቅም “ንፋስ መታኝ” ተብሎ እቤት የሚታሽ ነገር አይደለም።

መዥገር ከተገኘ፦ ቅቤ፣ ነጭ ጋዝ ወይም ክብሪት አይጠጋውም። በቀጭን ወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ አልኮል ባለው ትንሽ ብልቃጥ አስቀምጡና ይዛችሁ ኑ፤ ዓይነቱ ይለያል።

ስትሄዱ ይዛችሁ የምትሄዱት፦ የነበራችሁበት ግዛትና ወራት፤ የሽፍታው ፎቶ ካለ ከነቀኑ፤ የድሮው የላቦራቶሪ ወረቀት መስመሮቹ ሳይቀሩ (“ፖዘቲቭ” የሚለው ቃል ብቻውን አይጠቅማቸውም)፤ የወሰዳችሁት መድኃኒት ስም፣ መጠንና ቀን። ወደ ውጭ የሚላከው ምርመራ ዋጋና የሚፈጀው ጊዜ ስለሚለዋወጥ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። ካርድ ክፍሉ ጠዋት 2 ሰዓት ይከፈታል፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ሊፍቱም አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ ጉልበት ለሚያመው ደረጃው ስለሚከብድ ደጋፊ ይዛችሁ ሂዱ። በኮሪደር ልማቱ የመንገዱ ምልክቶች ስለተቀየሩ ከአደባባዩ ሆናችሁ ብትጽፉልኝ መግቢያውን አሳያችኋለሁ።